ግራስ፦ ከጠብታ ወደ ሚዛን

ከማርሴይ እስከ ካን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከካን ወደ ደቡብ ፈረንሳይዋ የሽቶ ከተማ ግራስ የሚወጣው ትንሹ ባቡር ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም። ጣጣው የሚጀምረው ሲወርዱ ነው። ጣቢያው ከታች፣ አሮጌው ከተማ ከላይ ነው፤ ዳገቱ የደጋ ልጅን እንኳ ያስተነፍሳል። ሻንጣ የያዘ አውቶቡስ ይጠብቅ።

ያደርኩበት ክፍል መስኮት ወደ አደባባይ ይከፈታል። ከተዘጋ ሙቀቱ አያስተኛም፤ ከተከፈተ የሞተር ብስክሌቱ ጩኸት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አይበርድም። ጠዋት ሒሳቡ ላይ ማንም ያልነገረኝ የ15 ዩሮ «የጽዳት» ክፍያ ተደምሮ መጣ። ብጠይቅ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ዛሬ ጎብኚው ቡና የሚጠጣበት ፕላስ ኦ ዜር የተባለው አደባባይ ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ነበር። የግራስ የሽቶ ሥራ የተወለደውም ከቆዳ ሽታ ነው፤ የእጅ ጓንቱ እንዳይከረፋ ሽቶ እየቀቡ ይሸጡት ጀመር። የቆዳው ሥራ ሲከስም ሽቶው ግን ዘለቀ። ዩኔስኮ በ2018 የአካባቢውን የሽቶ ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

አብዛኛው ጎብኚ የሚገባው ሁለት ሰዓት በማይሞላ «የራስዎን ሽቶ ይሥሩ» ትምህርት ነው። የገባሁበት ቤት 60 ዩሮ ግድም አስከፍሏል። ፊት ለፊት የሚደረደሩት ጠርሙሶች ተቀምመው ያለቁ ቅልቅሎች ናቸው፤ የትኛውም ከየትኛው ጋር ቢገናኝ እንዳይጣላ ሆነው ተዘጋጅተዋል። የሚለካው በጠብታና በሚሊ ሊትር ነው። አፍንጫ ሲደክም እንዲሸተት የቡና ፍሬ በሳህን ቀርቧል፤ ቡናው ከተቆላ ወራት ያለፉት፣ ዘይቱ የገማ። እሱን ከማሽተት ሙያተኞቹ እንደሚያደርጉት የራስን ክንድ ወይም እጅጌ ማሽተት ይሻላል።

ጠብታ የማይሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ከሎሚ ዘመድ ፍሬ ልጣጭ የሚወጣው የቤርጋሞት ዘይት እንደ ውኃ ቀጭን ነው፤ ላብዳነም የተባለው የቁጥቋጦ ሙጫ ደግሞ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። የአንዱ ጠብታ ክብደት ከሌላው አይገጥምም፤ ጠብታው ራሱም እንደ ማንጠባጠቢያው አፍ ስፋት ይለያያል። ዛሬ ያማረው ነገ አይደገምም። ሽቶ በግራም ነው የሚጻፈው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቤቱ ውስጥ የሚያስተምር አንድ አዛውንት ቀማሚ አለ፤ እሱም እንደኔ ከሌላ አገር መጥቶ የቀረ ነው። ሞስኮ የተወለደውን ኤርነስት ቦን ደጋግሞ ያነሳል፤ ከሩሲያ አብዮት በኋላ ወደ ፈረንሳይ መጥቶ በ1921 ሻኔል ቁጥር 5 የተባለውን ሽቶ የቀመመውን። ለእኔ ግን የሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «አፍንጫህን ለጊዜው እርሳው፣ ሚዛኑን ዜሮ አድርግ» የሚል ነበር። ሚዛኑ መቶኛ ግራም ያነባል፤ ለትንንሽ ሙከራ ሺኛውን የሚያነብ ይመረጣል።

ለማሽተት ማንኛውም ጥሬ ዕቃ ቀድሞ ወደ 10 በመቶ ይቀጥናል፦ 1 ግራም ዘይት፣ 9 ግራም ኤታኖል (አልኮል)። ኃይለኛው ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ሳይቀጥን የተሸተተ ኃይለኛ ነገር አፍንጫን ያደነዝዛል እንጂ ጠባዩን አያሳይም። የማሽተቻው ወረቀት ላይ ስምና ሰዓት ይጻፍና ወዲያው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላና በማግስቱ ይሸተታል።

የሠራነው የእጣን ሽቶ ነበር። በ10 ግራም፦ ቤርጋሞት 3፣ ሄዲዮን (ጃዝሚን የሚመስል ሰው ሠራሽ ጠረን) 3.5፣ አይሶ ኢ ሱፐር (እንጨት እንጨት የሚል ሰው ሠራሽ ጠረን) 2፣ የእጣን ዘይት 1፣ በ10 በመቶ የቀጠነ ላብዳነም 0.4፣ በ1 በመቶ የቀጠነ ሲቬቶን (የዝባድ ጠረን፣ እመለስበታለሁ) 0.1። ትንሹና ኃይለኛው ይቀድማል። እሱ ላይ እጅ ቢያመልጥ የሚደፋው ጥቂት ነው፤ መጨረሻ ላይ ቢያመልጥ ግን ሙሉው ጠርሙስ ይበላሻል። ቤርጋሞቱ ፉሮኮማሪን የተባለው ንጥረ ነገር የወጣለት መሆን አለበት፤ ተጨምቆ የወጣው ጥሬው ዘይት ፀሐይ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል።

እጣኑ ላይ ብዙ ተከራከርን። በዚያ አገር ካታሎግ ለእጣን የሚሰጠው «ኦሊባነም» የሚለው ስም የየትኛው ዛፍ እንደሆነ አይናገርም። የሶማሌው እጣን ዘይት አልፋ ፓይኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛዋል፤ የጥድና የቁንዶ በርበሬ ጠረን አለው። የትግራይና የመተማው እጣን ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት የተባለ ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ወደ ብርቱካን ልጣጭ ያደላል። አንዱን በሌላው የተካ ሰው ፎርሙላውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ዘይት ያጣ እጣኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ አደንድኖ ይውቀጠው፤ ትኩስ ከተወቀጠ ሙቀጫው ላይ ይጣበቃል። 20 ግራሙን በ80 ግራም 96 በመቶ ኤታኖል ዘፍዝፎ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይነቅንቀው። ከታች የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ ሙጫው ነው፤ በአልኮል አይሟሟም። ውኃ ጠብ ከተደረገበት ወተት ይመስላል፣ አይጠራም።

ሲቬቶን የዝባድ ዋና ጠረን ነው፤ ኬሚስቱ ሩዚችካ በ1926 አወቃቀሩን የለየው። ኢትዮጵያ ዝባድን በበሬ ቀንድ እያሸገች ለሽቶ ቤቶች ስትልክ የኖረች አገር ናት። ዝባዱ ንጹሑን ሲሸተት የጥርኙን ቤት ያስታውሳል፤ ጥቂቱ ግን ለአበባ ሙቀት ይሰጠዋል።

የቅልቅሉ 15 ግራም በ85 ግራም ኤታኖል ይሟሟና ጨለማ ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቀመጣል። ከዚያ ፍሪጅ ገብቶ እዚያው ቅዝቃዜው ላይ እንዳለ ይጣራል፤ ሞቅ ብሎ ከተጣራ ሰሙ ቆይቶ ያደፈርሰዋል። ቫኒሊን ያለበት ሽቶ ቢጠቁር አያስደንግጥ፤ የቫኒሊኑ ጠባይ ነው።

ጽጌረዳ ለማየት የሚሄድ ግንቦት ይሂድ፣ ያውም በጠዋት። እኔ በቀጠሮ ፕላስካሲየ አጠገብ ካለ እርሻ ረፋድ አምስት ሰዓት ስደርስ ለቀማው አልቆ ከረጢቱ ተጭኗል፤ ፀሐይ ሲበረታ ጠረኑ ይቀንሳልና አይጠብቁም። የዚህች ጽጌረዳ ጠረን አብዛኛው ውኃ የሚወድ ስለሆነ በእንፋሎት ከወጣ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ ሄክሴን በተባለ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ይታጠባል። ሄክሴኑ ሲተን ሰም የመሰለ «ኮንክሪት» ይቀራል፤ እሱ በአልኮል ታጥቦ፣ ቀዝቅዞ፣ ተጣርቶ «አብሶሉት» ይወጣል። ጃዝሚን የፈለገ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ኤታኖሉን እዚያው ገዝቶ በአውሮፕላን ለመመለስ ያሰበ ይተወው። ከ70 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል በእጅም ሆነ በሻንጣ አይፈቀድም። ባቡሩ ላይ ማንም አልጠየቀኝም።