እንኳን አደረሳችሁ፤ ከመንገድ ገባሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከአትላንታ፣ ከእህቴ ሳሎን ነው። ዛሬ ዋዜማ ነው። ትናንት ማታ ከመንገድ ገባሁ፤ ቦርሳዬ እንኳን ገና አልተፈታም። የራግቢ ጓንቶቼ በረንዳ ላይ ተሰጥተዋል። እህቴ ቤት አላስገባም አለች። እውነቷን ነው፤ የማስቲሽና የጎማ ሽታ ከዶሮ ወጥ ጋር አይሄድም። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ እየተቁላላ ነው። ነገ እዚህ የሥራ ቀን ነው። እሷ ግን ፈቃድ ወስዳለች። እንደ አገር ቤት እናደርገዋለን ብላለች።

በየዓመቱ ሁለት መስመር መልእክት ነበር የምልክላችሁ። ዘንድሮ ረዘም ላድርገው። ስለ መንገድ ላወራችሁ ነው።

በቅርቡ ለተዋወቃችሁኝ ልንገራችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መኪናችን ተገለበጠ። አንገቴ ተሰበረ። እግሮቼ አይታዘዙም። እጆቼ በከፊል ይሠራሉ፤ ጣቶቼ ግን አይጨብጡም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቤት ውስጥ ነበርኩ። ጓደኞቼ አልተለያችሁኝም። ብርቱካን ይዛችሁ ትመጡ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ሆናችሁ ትስቁ ነበር። ስትወጡ ደረጃው ላይ ታለቅሱ ነበር። ይሰማኝ ነበር።

ያን ዓመት ለገና ላንጋኖ ሄዳችሁ። ለእኔ አልነገራችሁኝም። ፎቶውን ስልኬ ላይ አየሁት። ሁላችሁም አላችሁ፤ አሸዋው ላይ ተቀምጣችኋል፣ አንዱ የእኔን ኮፍያ አድርጓል።

ይህን የማነሳው ልወቅሳችሁ አይደለም። እንዳልንገላታ፣ እንዳይከፋኝ ብላችሁ ነው። በፍቅር ነው ያስቀራችሁኝ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ። መንገድ ለእኔ አበቃ ብዬ የተቀበልኩት ሆስፒታል ተኝቼ አልነበረም። ያን ፎቶ ያየሁ ቀን ነው።

ከዚያ እህቴ ወደዚህ አመጣችኝ። አትላንታ ውስጥ ሼፐርድ ሴንተር የሚባል የጀርባ አጥንትና የአንጎል ጉዳት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የተከፈተው። ብራዚል ባሕር ላይ ልጃቸው የተጎዳባቸው ቤተሰቦች፣ እዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ ሕክምና ቢያጡ ራሳቸው አቋቋሙት። በዚህ ከተማ ዊልቸር ላይ ካለ ሰው ጋር ትንሽ ካወራችሁ ስሙ መነሳቱ አይቀርም። እኔም የዊልቸር ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ መጀመሪያ የሰማሁት እንዲህ ካሉ ሰዎች ነው። መጥተህ እይ አሉኝ፣ ሄድኩ።

ከማየቴ በፊት ድምፁን ነው የሰማሁት። ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። መኪና የተጋጨ መሰለኝ። ደንግጬ ቆምኩ። መኪና ሲጋጭ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አውቃለሁ። በሩ ተከፈተ፤ ውስጥ ሰዎች ይስቃሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እጅና እግራቸው የተጎዳ ሰዎች ናቸው የፈጠሩት። የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ለጠንካራ እጅ ነው፤ እነሱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸው ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ሠሩ። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ፣ አራት ለአራት ሆነው፣ የመረብ ኳስ በሚመስል ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱን እንደያዝክ ሁለት ጎማህ የግብ መስመሩን ካለፈ ግብ ነው። ዊልቸር ዊልቸርን መምታት ይቻላል። ሰውን በእጅ መንካት ግን አይቻልም። ሴትና ወንድ አብረው ይጫወታሉ። ከሲድኒ 2000 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ሜዳልያ የሚያሰጥ ስፖርት ነው። በፓሪስ 2024 ፍጻሜ ጃፓን አሜሪካን 48 ለ 41 ስታሸንፍ፣ የቡድናችን ልጆች አንድ ሳሎን ተሰብስበን አይተን፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ማንም ቀና ብሎ አላወራም።

እኔን የያዘኝ ግን ግጭቱ አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አካሉ አቅም ነጥብ ይሰጠዋል። ከ0.5 ይጀምርና እስከ 3.5 ይደርሳል። ሜዳ ላይ ያሉት የአራቱ ድምር ከ8 መብለጥ የለበትም። ሴት ካለች ትንሽ ይጨመርላቸዋል። እስቲ አስቡት። ጠንካሮቹን ብቻ ሰብስቦ መግባት አይቻልም። ባለ 3.5 ሁለት ካስገባህ፣ የቀሩት ሁለቱ ተደምረው ከ1 መብለጥ አይችሉም። ባለ 0.5 ሰው ኳስ ላይነካ ይችላል። ግን ዊልቸሩን ተቃራኒው ፊት ገትሮ ካልዘጋ፣ ያ ፈጣኑ ልጅ ማለፊያ የለውም። አዝነውለት አይደለም የሚያስገቡት። ያለሱ ጨዋታ ስለሌለ ነው። እኔ 1.5 ነኝ። በሕይወቴ ስለ ሰውነቴ ያለ ሐዘን፣ ያለ "ምስኪን"፣ ዝም ብሎ እንደ ጫማ ቁጥር የተነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ሁለት ወር እንደተለማመድኩ፣ ሹፌራችን ወደ እኔ ዞሮ "ቅዳሜ ለጨዋታ በርሚንግሃም ነን፤ በስንት ሰዓት እንውሰድህ?" አለኝ።

ትችላለህ ወይ አላለም። አይከብድህም ወይ አላለም። ሁለተኛው ጥያቄው "ዊልቸርህ ይታጠፋል?" የሚል ነበር። ቤት ገብቼ ለእህቴ ስነግራት ድምፄ ተቆራረጠ። የሆነ ነገር የደረሰብኝ መስሏት ደነገጠች።

መጫን ራሱ አንድ ሥራ ነው። እያንዳንዳችን ሁለት ዊልቸር አለን፤ የዕለት ተዕለቱና የራግቢው። አምስት ሰው ማለት አሥር ዊልቸር ማለት ነው። ጎማዎቹ መሃላቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫነው ይወልቃሉ። የራግቢዎቹ ተሳቢው ላይ ይደረደራሉ፤ ጎማቸውን የሚሸፍነው ጋሻ እንደ አሮጌ ድስት ጎድጉዷል። ከዚያ ፓምፕ፣ ካላማዳሪያ፣ ቺያቤ፣ ካቻቢቴ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ ማስቲሽ። ሹፌራችን ባለ 3.5 ነው፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጁ ነው የሚቆጣጠረው። ባለ 2ቱ የጠርሙስ ክዳን በጥርሱ ይከፍታል። ባለ 0.5ቷ ልጅ መንገዱን በቃሏ ስለምታውቀው ከፊት ትቀመጣለች። መኪና ውስጥም እንደ ሜዳው እየተደማመርን ነው የምንሄደው።

ከአትላንታ በርሚንግሃም፣ ኢንተርስቴት 20 በሚባለው አውራ ጎዳና፣ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው። አላባማ ድንበር ስትሻገር ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀን ይህን አላውቅም ነበር። ስልኬ ሲቀየር አየሁና ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ልጆቹ "ስጦታ ነው፣ ተቀበለው" አሉኝ። አሁን እዚያች ድንበር ላይ ስንደርስ ሁሌም አንድ ሰዓት እንደተጨመረልኝ ነው የምቆጥረው። ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ ነው። ከዚያ በስተግራ የታላዴጋ የመኪና ውድድር ሜዳ ብቅ ይላል። ከዚያ ደግሞ ዛፍ። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ምንም ሳላወራ የሄድኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፊት ለፊት የማይወራ ነገር ሁሉ መኪና ውስጥ ይወራል። አንገቱ የተጎዳ ሰው እንደ ሌላው አያልበውም፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ስለዚህ የውሃ መርጫ ይዘን እንሄዳለን፣ ፊታችን ላይ እንረጫጫለን። በየግማሽ ሰዓቱ አንዱ "ተነሱ!" ይላል፤ ቆዳችን እንዳይቆስል ሁላችንም በያለንበት ጎንበስ ቀና እንላለን። የሽንት ነገር፣ የቁስል ነገር፣ እንቅልፍ የማጣት ነገር፣ ትዳር እንዴት እንደሚሆን። እኔ እነዚህን ነገሮች ለዶክተር እንኳን አንገቴን ደፍቼ ነበር የምናገረው። ይሉኝታ ነው ያሳደገን። ያ መኪና ውስጥ ግን ከሃያ ዓመት በፊት የተጎዳ ሰው፣ ድንች ጥብስ እየበላ፣ እኔን ሦስት ዓመት ያስጨነቀኝን ነገር በሁለት ደቂቃ መለሰልኝ።

መንገድ ያስቸግራል፤ አልዋሻችሁም። አንድ ከተማ ደክሞን ማታ ሆቴል ደረስን። ለዊልቸር የሚሆን ክፍል በስልክ ተረጋግጦልን ነበር። የመታጠቢያው በር ግን በሁለት ጣት ያህል ጠበበ። ሌላ ክፍል የለም ተባለ። እኔ በልማዴ፣ ግድ የለም፣ ሳልታጠብ አድራለሁ ልል ነበር። አሠልጣኛችን ካቻቢቴውን አውጥቶ በሩን ከማጠፊያው ነቀለውና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። መጋረጃ ሰቀልን። ጠዋት መልሶ ገጠመው። ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። እኔ ራሴን ላስቀር ነበር፤ እሱ የነቀለው በሩን ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ያለፈው ዓመት የነቢያት ጾም ላይ የሆነው ነው። ከፍሎሪዳ እየተመለስን ነበር። ቀኑን ሙሉ በኢንተርስቴት 75። እኔ የምጾመውን ስለሚያውቁ በየነዳጅ ማደያው ወርደው የማሸጊያውን ጀርባ እያነበቡ "ይሄ ቅቤ አለው? ይሄ ወተት አለው?" እያሉ ነው የሚገዙልኝ። ጆርጂያ ውስጥ መንገድ ዳር የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይሸጣል፤ እሱን በልቼ፣ የእህቴን ዳቦ ቆሎ በኩባያ ወደ አፌ እያፈሰስኩ ነው የመጣሁት። አትላንታ ስንገባ ዛሬ እራት በእኔ ነው አልኳቸው። ወደ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው።

በያይነቱ መጣ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። እንጀራ በጣት ነው የሚቆረሰው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለን አምስት ሰዎች ደግሞ ጣታችን እንዲህ ለመቁረስ አይሆንም። ሹካ ልጠይቅላቸው ስል የቤቱ እናት መጡ። አዩን። ምንም አልጠየቁም። እጃቸውን ታጥበው ተመለሱና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጉረስ ልጄ ብለው መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ።

ከጎኔ የነበረው ልጅ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ሰው በማንኪያ እንዳያበላው የማለ ነው። ለዓመታት ብቻውን ለመብላት ታግሏል። ተራው ሲደርስ ልቤ ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ለአሠልጣኛችንም አጉርሰው ነበር፤ ሁለት እጁ ሙሉ ለሆነው። ልጁ ዙሪያውን አየ። "ሁሉም ሰው ነው እንዴ?" አለኝ። እኛ ጋ ሰው ሲዋደድ እንዲህ ነው አልኩት። አፉን ከፈተ። ጨርሶ ሳይውጥ እሳቸው ሁለተኛውን ጠቅልለው ነበር፤ "አንድ ጉርሻ ያጣላል በለው" አሉኝ። ተረጎምኩለት። ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማናችንም ምንም አላልንም።

ለምን ይህን ሁሉ ለገና እጽፍላችኋለሁ? ልጅ ሆነን አያቶቻችን ሲነግሩን፣ እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በከዘራቸው ሩር መቱ፤ የገና ጨዋታ ከዚያ መጣ ይባላል። በዚያ ቀን አሽከር ጌታውን በዱላ ቢያገኘው ቂም የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ራግቢ ሜዳ ላይ የመጀመሪያ ቀን ተመትቼ ከነዊልቸሬ ስገለበጥ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። የመታኝ ልጅ ቆሞ ጠበቀኝ። ሲያነሱኝ እየሳቅኩ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ነበር የሚይዘኝ። ያ ልጅ ግን መታኝ። አብሮ ተጫዋች አደረገኝ።

እናም ጓደኞቼ፣ ለሚቀጥለው ገና ትኬት ልቆርጥ ነው። ላንጋኖ እንሂድ። ሚኒባስ ይበቃል። መወጣጫ ባይኖርም ግድ የለም፤ አንዱ ከኋላ በብብቴ፣ አንዱ ከጉልበቴ ሥር ይይዘኛል። እጄን እንዳትጎትቱ፣ ትከሻዬን ይጎዳኛል። መጀመሪያ የምቀመጥበት ትራስ ይግባ፣ ከዚያ እኔ። ጎማው በአንድ ቁልፍ ይወልቃል፣ ስመጣ አሳያችኋለሁ። የውሃ መርጫ እኔ እይዛለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ "ተነሱ!" ስል እናንተም አብራችሁኝ ጎንበስ ቀና ትላላችሁ። ኮፍያዬን የወሰደው ሰው ይዞት ይምጣ።

ዝዋይ ላይ ዓሣ በእኔ ነው። አጥንቱን እናንተ ትለቅሙልኛላችሁ። በስንት ሰዓት እንደምትወስዱኝ ብቻ ንገሩኝ።

መልካም ገና።