ቡችላውን ከማምጣታችን በፊት

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቡችላ እንድናሳድግ መወትወት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከጥቂት ወራት በፊት ጉለሌ የሚኖሩት አክስቴ ውሻ አምስት ቡችሎች በመውለዷ ጉዳዩ ቁርጥ ያለ መልስ የሚፈልግ ሆነ። ቡችሎቹን ልናይ በሄድንበት ዕለት ከአምስቱ አንዱ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ቡናማ ቡችላ፣ የልጄን የጫማ ማሰሪያ ሲጎትት ቆይቶ ደከመውና አገጩን እግሯ ላይ ጥሎ ተኛ። እርሷም እንዳይነቃባት ብላ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከዚያ በኋላ «አይሆንም» ማለት ለእኔም ከበደኝ።

የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስለ ሐሳባችን የሰሙ ወዳጆቻችን ሁሉ የቤቱን ጥበት ያነሡ ነበር፤ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ እንደሚከብድ የገባኝ ግን እኔና ባለቤቴ ተቀምጠን የአንድ ተራ ቀን ውሏችንን ወረቀት ላይ ስናሰፍር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁላችንም እንወጣለን፤ ቀድማ የምትመለሰው ልጄ ብትሆንም ከ10 ሰዓት በፊት አትደርስም። የሁለት ወር ቡችላ ደግሞ ሽንቱን ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። በዚያ ላይ ቡችላ ከሰው፣ ከድምፅና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው በመሆኑ፣ በዚህ ዕድሜው በር ተዘግቶበት ብቻውን የሚውል ቡችላ ሲያድግ እንግዳ ነገር ሁሉ የሚያስፈራውና በፍርሃቱም የሚነክስ ውሻ ሊሆን ይችላል። ክትባቱን ሳይጨርስ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ መልቀቅም አይገባም፤ ቡችሎችን የሚፈጀው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያልና። ስለዚህ አንድ ሰው በየቀኑ አቅፎት እየወጣ መኪናውንም፣ ሕፃናቱንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያም ሊያስለምደው ግድ ነው። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ስንጠያየቅ ሁለታችንም ዝም አልን።

ምግቡም ቢሆን እንደምናስበው ቀላል አይደለም። ከማዕድ የተረፈውን እንሰጠዋለን ይባላል፤ ነገር ግን ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚጎዳ የእኛ ወጥ፣ በተለይም ዶሮ ወጥ፣ ለእርሱ መርዝ ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና እኛም በሽሮና በምስር ስንሰነብት፣ በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ግን ሊጾም አይችልም።

ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ለሶላት ንጽሕናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። በጠባቡ የጋራ ደረጃ ላይ የቡችላው ምራቅ ልብሳቸውን እንዳይነካ መጠንቀቅ የእኛ ግዴታ እንጂ የእነርሱ ሊሆን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ሐሳቤን ያጸናው ግን ፒያሳ ያየሁት አንድ ውሻ ነው። የቆዩ ግቢዎች በፈረሱበት ሰሞን፣ አንድ ሽማግሌ ውሻ ቀድሞ በር በነበረበት ቦታ፣ ድንጋይ ብቻ በቀረበት ደፍ ላይ ተኝቶ አየሁት። ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ይልና ተመልሶ ይተኛል። በማግስቱም እዚያው ነበር። ባለቤቶቹ ጨካኞች ነበሩ ለማለት አልደፍርም፤ ግቢ የለመደ ውሻ ይዞ ፎቅ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ውሻ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ እኛ ደግሞ ተከራዮች ነን፤ የሚቀጥለው አከራያችን ውሻ ይፍቀድ አይፍቀድ የምናውቀው ነገር የለም።

እሑድ ማታ ራት ላይ ባለቤቴ ለልጃችን ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳት። አለቀሰች፤ አላባበልናትም፤ ኀዘኗ ተገቢ ነበርና። ቆይታም «እማዬ፣ ባለ ነጥቡን ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስልክ ደውዬ ስነግራቸው አክስቴ «እኔው ጋ ይቅር፤ እርሷ ግን እየመጣች ትንከባከበው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉለሌ እንሄዳለን። ልጄ ሽንኩርትና ጨው ያልገባበት ሩዝ በሥጋ በትንሽ ሳህን ይዛ ትሄዳለች፤ የውኃ ዕቃውን አጥባ ትሞላለች፤ የተኛበትን ጆንያም አራግፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ቡችላው በመጪው ቅዳሜ 12 ሳምንት ስለሚሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተባል፤ ሐኪሙ ሲወጋው አቅፋ የምትይዘው እርሷ ናት።