ሰማዩ ጠርቶ እያለ መብራት ፎቶ ማንሳት

ዛሬ ጅማ ላይ አንድ የፊዚክስ ተማሪ «ቲቸር፣ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ስንት ጊዜ ይጠራልናል? ለምን መብራት ፎቶ እያነሳን ጊዜ እናባክናለን?» አለኝ። ጥያቄው ከልቤ አልወጣም።

የኮከብን ብርሃን በስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በቀለም ዘርዝሮ በሚያሳይ መሣሪያ) ስናነሳ፣ ካሜራው የሚሰጠን ፒክስል (የምስሉ ነጥብ) እንጂ ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አይደለም። የትኛው ፒክስል የትኛው የሞገድ ርዝመት እንደሆነ የሚነግረን የኒዮን መብራት ነው፤ ከደማቅ የብርሃን መስመሮቹ ሁለቱ 585.2 እና 640.2 ናኖሜትር ላይ እንደሚወድቁ ይታወቃል። ቀን ላይ አንድ ጊዜ አንስቶ ማስቀመጥ ግን አይበቃም። ቴሌስኮፑ ወደ ሌላ ኮከብ ሲዞር በላዩ የታሰረው ስፔክትሮግራፍ በራሱ ክብደት በጥቂቱ ይጎብጣል፣ መስመሮቹም ይንሸራተታሉ። የኮከቡን ፍጥነት የምናሰላው ከመስመሮቹ መንሸራተት ነው፤ ስለዚህ አንድ ፒክስል 0.1 ናኖሜትር ከያዘ፣ የሁለት ፒክስል መንሸራተት ቢጫው የሶዲየም መስመር ላይ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር ገደማ የውሸት ፍጥነት ይፈጥራል። በጣም ብዙ ነው! ስለዚህ ቴሌስኮፑን ከኮከቡ ላይ ሳታነሱ፣ ከኮከቡ ፎቶ በፊትም በኋላም የመብራቱን አንሱ።

ባያስ (የካሜራውን የራሱን መነሻ ንባብ የሚያሳይ ፎቶ) ሹተሩ፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ፣ ተዘግቶ በዜሮ ሰከንድ ይነሳል። ዳርክ (ካሜራው በጨለማ ራሱ የሚፈጥረውን ምልክት የሚያሳይ ፎቶ) ደግሞ ሹተሩ እንደተዘጋ የኮከቡን ያህል ሰከንድ፣ በዚያው የካሜራ ሙቀት። ሁለቱም ሰማይ አያስፈልጋቸውም፤ ደመናው ሲመለስ ይደርሳሉ።

ፍላት (የፒክስሎቹን አለመመጣጠን ለማረም የሚነሳ ፎቶ) በሃሎጅን መብራት ነው። ሃሎጅን ሰማያዊው ጫፍ ላይ ደካማ ስለሆነ ሰዓቱን ማስረዘም ያምራል፣ ግን ቀዩ ጫፍ ይሞላል። የ16 ቢት ካሜራ ጣሪያ 65,535 ነው፤ ከግማሹ ብዙ ሳታልፉ ደጋግማችሁ አንሱና አዋህዱ። ግሬቲንጉን (ብርሃኑን በቀለም የሚበትነውን የስፔክትሮግራፉን ክፍል) ካዞራችሁ ፍላቱም መብራቱም እንደ አዲስ ይነሳሉ።