ጓሳ ላይ ኮከብ ለማየት የምታድሩ፦ ከጃኬቱ በፊት እግራችሁን አስቡ

ሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ የቀን ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቃል፣ የሚመልስለት ደመና የለም፤ ሣሩ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዝና ውርጭ ይይዛል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ሸለቆ ስለሚወርድ ሜዳው ላይ ሳይሆን ተዳፋቱ ወገብ ላይ ተቀመጡ።

ልብስ አያስቸግርም። ከውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ጋቢ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢ ከላይ ከሆነ ጤዛ ይጠጣል። ስትወጡ ካላባችሁ የውስጡን ቀይሩ፤ ሁሉንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ልበሱ።

እኔን ያሠቃየኝ እግር ነው። ለጎብኚ የሚሰጠው ምክር እስካሁን ያናድደኛል፦ «ወፍራም ጃኬትና ሦስት ካልሲ ያዙ»። ሦስት ካልሲ በልክ ጫማ ውስጥ ሲታጨቅ ደም ሥሩን ይጫናል፤ ሙቀት የሚይዘውን አየርም ጨምቆ ያስወጣል። ጣት የሚደነዝዘው ከዚህ ነው። ጫማው በአንድ ቁጥር ይስፋ፣ ካልሲው አንድ ወፍራም የሱፍ ይሁን፣ ጣቶቻችሁ ውስጡ እንደ ልብ ይንቀሳቀሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጫማው ሥር ያለው ነው፤ ቆሞ ኮከብ የሚያይ ሰው ሙቀቱን በሶሉ በኩል ለመሬት ይሰጣል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ አንጥፋችሁ ቁሙበት። ከሌለ ካርቶን አራት አምስት ደራርቡ። ተኝታችሁ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦችን የምታዩ ከሆነ ከታች ስፖንጅ፣ በላዩ አጎዛ፣ ፀጉሩ ወደ ላይ። ከላይ የምትለብሱት ባና የቱንም ያህል ቢወፍር ከታች ባዶ ከሆነ አያድናችሁም። በየግማሽ ሰዓቱ ሃያ ጊዜ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሡ፤ እስክታልቡ ግን አይሁን።

ጭኮ ብሉ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ያዙ። አረቄ ያሞቃል የሚሏችሁን አትስሙ፤ ደሙን ወደ ቆዳ ያወጣና ሙቀታችሁን ለብርዱ አሳልፎ ይሰጣል። ከሰል ድንኳን ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፤ ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የቴሌስኮፑን የዓይን መነጽርና ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ አኑሩ፤ የሞቀ መነጽር ቶሎ አይደበዝዝም፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

ብርዱ የሚብሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው፤ በታኅሣሥ የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ ከአድማስ በላይ በደንብ የሚታየውም ያኔ ነው። ስለዚህ በ9 ሰዓት ውሃ አፍሉና የብረት ኮዳ ሙሉ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ መካከል ያዙት።