ዱላ፣ ቱምቢና የድሬ ማዶ

ልጄ የጂኦግራፊ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች፦ «አባዬ፣ ከድሬዳዋ ኬንትሮስ ማዶ ያለው መስመር ስንት ነው?» «ቀላል ነዋ! እኛ ምሥራቅ 42 ከሆንን ማዶው ምዕራብ 42 ነው» አልኳት። ሉሉን አዙራ ብታየው መስመሩ ብራዚልን ያቋርጣል። ከእኛ እስከዚያ 84 ዲግሪ ብቻ፤ ማዶ ለመባል ግን 180 መሙላት አለበት። አፈርኩ።

እልህ ያዘኝና ኬንትሮሳችንን ራሴ ልለካ ተነሣሁ። የመረጥኩት ሚያዝያ 7ን ነው። በዚያ ሰሞን የፀሐይና የእጅ ሰዓት ይስማማሉ፤ ደግነቱ ፀሐይዋም ድሬ ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ አንዷን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ትሻገራለች። ስለዚህ ጥላ የሚጠፋው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ስንት ደቂቃ አልፎ እንደሆነ አይቶ ለ4 ማካፈልና ውጤቱን ከ45 መቀነስ ነው።

ግቢ ውስጥ ዱላ ተከልኩ። ሙቀቱን አታንሡት። ጥላው 6፡16 ላይ ጠፋ፤ 41 ዲግሪ ማለት ነው። ስልኬ ግን 41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ይላል (ይህ ደቂቃ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው)። በስተ ምዕራብ ወዳለችው አፍደም አቅጣጫ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ስቻለሁ!

ጎረቤቴ ግንበኛ ነው። በአጥር በኩል አየና «አቦ፣ ዱላህ እኮ ሰክሯል!» አለኝ። ቱምቢውን ሲያንጠለጥል ዱላው በጥቂቱ አዘንብሏል። አንድ ዲግሪ ማዘንበል አራት ደቂቃ ትበላለች፤ አራት ደቂቃ ደግሞ አንድ ሙሉ ኬንትሮስ። በነጋታው በቱምቢ አቃንተን ተከልነው። ጥላው የጠፋበትን ቅጽበት ከማሳደድም በምዕራብ በኩል ያለቀበትንና በምሥራቅ ብቅ ያለበትን መዝግቤ መሃሉን ወሰድኩ፦ 6፡12። 42 ዲግሪ! ስሕተቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዱላ አይከፋም።

ከ180 ላይ 42 ሲቀነስ 138 ምዕራብ ይመጣል። የሰሜን ኬክሮሳችንንም ወደ ደቡብ ስንገለብጠው ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ወደቅን። ቅርቧ መሬት ሂቫ ኦአ ናት፤ ከማርኬሳስ ደሴቶች አንዷ፣ ሠዓሊው ጎጋን የተቀበረባት። አንዱ ፈረንሳዊ፣ ገጣሚው ራምቦ፣ ሐረር ነገደ፤ ሌላው ማዶው ላይ አረፈ።

«እዚያ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ ልጄ፣ ምሳ ሳንበላ። በፀሐይ ከሄድን የእኛው ስድስት ነው፤ ቀኑ ሌሊት ይሆናል እንጂ ቁጥሩ አይለወጥም። የደሴቶቹ ሰዓት ግን ከግሪንዊች 9፡30 ወደ ኋላ ስለሆነ ገና አምስት ተኩል ነው። እኛ ማክሰኞ ቀን ላይ ነን፤ እነሱ ሰኞ ሌሊት።