ፍሪሲዮን ቀስ አድርጎ መልቀቅ

ከበረንዳችን ላይ ሆኜ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይታየኛል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። መንገዱ ከዚሁ ከሰፈራችን ተነስቶ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ባለቤቴ ጓጉቶ ሄዶ አይቶት መጣ። እኔ አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹ ሲተኙ ሻይ ይዤ እየወጣሁ፣ የመኪኖቹን የኋላ መብራት ሳይ ስንት ምሽት አለፈ።

ዘንድሮ 43 ዓመቴ ነው። እስከ አምና ድረስ መሪ ጨብጬ አላውቅም ነበር።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። 16 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ወንበር። ሥራዬን እወዳለሁ። ድሮ እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው የሰኔ 30 መዝጊያ እንኳ አሁን አያስጨንቀኝም። አለቃዬ ሁለት ጊዜ የመስክ ኦዲት ሥራ አቀረበልኝ። ቢሾፍቱና ሞጆ ያሉትን መጋዘኖች እየዞሩ መቁጠር ነው። መኪና አለ፣ ሾፌር ግን የለም። ሁለቱንም ጊዜ "ልጆቼ ገና ናቸው" አልኩት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ትንሿ ልጄ 12 ዓመቷ ነበር።

እውነቱ ፍርሃት ነው። እኔም በ12 ዓመቴ ከእናቴ ጋር ከደብረ ዘይት ስመለስ፣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከአይሱዙ ጋር ላለመጋጨት ሲሸሽ ቦይ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቅ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ያንን የመስክ ሥራ፣ እኔው ራሴ ከአራት ዓመት በፊት ሥራ ያስለመድኳት ልጅ ወሰደችው። አንድ ቀን ጫማዋ አቧራ ለብሶ ገባችና ስለ መጋዘኖቹ ታወራልኝ ጀመር። የብረቱ ሽታ፣ የሚዛኑ አሠራር፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አመዘጋገብ። ዝም ብዬ ሰማኋት። እኔ 16 ዓመት ሙሉ "ብረት፣ ይህን ያህል ኪሎ" እያልኩ ስመዘግብ፣ ብረቱን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ "መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው" አልኩት።

የመጀመሪያው አሰልጣኝ ጯሂ ነበር። "ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን አልኩሽ እኮ!" እያለ ዳሽቦርዱን ይመታል። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለያየው፣ በግራ እግር የሚረገጠው ፔዳል ነው። በጮኸ ቁጥር እግሬ ይደርቃል፣ መኪናው ይጠፋል። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው ቀረሁ። አንድ ወር ያህል ስለ መኪና አላነሳሁም፣ ቤትም ማንም አላነሳብኝም።

ኋላ ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ጠቆመችኝ። ድሮ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የሚመላለሱ ሰው ናቸው። እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ገና ሰው ባልገባባቸው ሕንፃዎች መካከል ወሰዱኝ። "ዛሬ ነዳጅ አትነኪም፣ የኔ ልጅ። ፍሪሲዮን ብቻ" አሉኝ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ እለቃለሁ። መኪናው ሦስት ሜትር ይሄዳል። አቆማለሁ። እንደገና። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ።

"ጆሮሽን ስጪው። ይነግርሻል" አሉኝ።

እውነትም ይናገራል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከሞተሩ ጋር መነካካት ሲጀምር የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ በትንሹ ብድግ ይላል። እዚያ ላይ እግርን ያዝ ማድረግ ነው። ድንገት ከለቀቁት ሞተሩ ክብደቱን አይችለውም፣ ይጠፋል። ሁልጊዜ ረግጠው ከያዙት ደግሞ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይሄ ነገር ስለ እኔ የተነገረ መሰለኝና እዚያው መሪው ላይ አለቀስኩ። ጋሼ ምንም አላሉኝም። መስኮቱን ከፈቱልኝ።

በዚያ ሰሞን ስለ አንድ የቆየ ጥናት አነበብኩ። በ1908 እ.ኤ.አ. የርክስ እና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን አይጦችን ነጭና ጥቁር ሣጥን እንዲለዩ አስተማሩ። የተሳሳተች አይጥ በኤሌክትሪክ ትነዘራለች። ልዩነቱ ቀላል ሲሆን፣ ንዝረቱ በጠነከረ ቁጥር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። ልዩነቱ ከባድ ሲሆን ግን በደንብ የተማሩት ንዝረቱ መካከለኛ ሲሆን ነው። የጠነከረው አዘገያቸው። ሰው አይጥ አይደለም፤ ቢሆንም ያ ጩኸት ለምን እንዳደነዘዘኝ ትንሽ ገባኝ። "ድፈሪ፣ ዝም ብለሽ ግቢበት" የሚሉኝን ሰዎች ከዚያ በኋላ ብዙም አልሰማኋቸውም። ጋሼ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩልኝ ነበር። መጀመሪያ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን መነሳት። ቀጥሎ አደባባይ። ከዚያ ከሲኖትራክ ኋላ መሄድ፤ ይህን ለሦስት እሑድ ደጋገምነው። ፈተናውን በሁለተኛው አለፍኩ።

ከዚያ ሳልጠራ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና ሥራውን ጠየቅኩ።

የመጀመሪያ ቀን ጉዞዬ ወደ ቢሾፍቱ ነበር። የክፍያ ጣቢያው ላይ ካርዱን ስቀበል እጄ አልቦት ነበር። ሬዲዮ አልከፈትኩም። አንድ ሲኖትራክ በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስፔኪዮ አየሁ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ ወጣሁ። በአጠገቡ ሳልፍ ዓይኔ አልተጨፈነም። ካለፍኩት በኋላ ግን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ እስክደርስም አልተወኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ጋር እስከ ቀትር ቆጠርን። እሳቸው ሽቦውን በጥቅል ቁጥር ይረከባሉ። የእኔ መዝገብ በኪሎ ነው። ለጥቅሉ አንድ ክብደት ተይዞለት ኖሯል፣ የጥቅሉ ክብደት ግን ከጭነት ጭነት ይለያያል። ለካ በየወሩ ቢሮ ተቀምጬ የማስተካክለው፣ ምክንያቱ የማይገባኝ ልዩነት ከዚህ ነበር የሚመጣው! ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አስመዘንኳቸው። ሰውዬው "ከቢሮ እዚህ ድረስ መጥቶ የመዘነ ሰው አይቼ አላውቅም" ብለው ቡና አስመጡልኝ።

ማታ ስገባ ትንሿ ልጄ በረንዳ ላይ ሆና መንገዱን ስታይ ነበር። "የቷ መኪና እንደሆንሽ ልለይ እየሞከርኩ ነበር" አለችኝ።

ሐሙስ ሞጆ ነኝ።