ለፈረስ አደን ቦት ጫማ የመረጥኩት እርካቡን ለክቼ ነው

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በቀስት ማደን የሚፈቀደው በሴፕቴምበር ነው፤ በእኛ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ገደማ መሆኑ ነው። ፍላት ቶፕስን በመሰለው ጥብቅ ዱር መኪናም ሞተር ብስክሌትም አይገባም፤ በእግር ወይም በፈረስ ነው። ጠዋት ውርጭ አለ፣ እኩለ ቀን ላይ ጃኬት ያስወልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይመጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ በረዶም ሊጥል ይችላል።

መጀመሪያ ጫማ ስፈልግ ሙቀቱን አስቀደምኩ፣ ውሃ አለማስገባቱን አስከተልኩ፣ ፈረሱን ያሰብኩት መጨረሻ ላይ ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የበረደው እግር ይሞቃል፣ የረጠበውም ይደርቃል። እርካብ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ እግር ግን ፈረሱ ሲደነግጥ ሰውየውን መሬት ለመሬት ያስጎትተዋል። በአገራችን ደጋ የቆየው ልማድ አውራ ጣትን ብቻ ቀለበት በምታህል እርካብ ማስገባት ነው፤ እግር ሙሉውን ሾልኮ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። በአሜሪካ ኮርቻ ግን የእግር ግማሽ ይገባል። ስለዚህ ጫማውና እርካቡ አብረው መለካት አለባቸው።

የምጋልባቸውን ፈረሶች የሚያከራየውን ሰው የእርካቡን የውስጥ ስፋት ጠየቅኩት፤ 12.7 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከዚያ የጫማዎቹን ሶል ሰፊው ቦታ ላይ በማስመሪያ ለካሁ። በሁለቱም ጎን በድምሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። ለበረዶ ወቅት የተሠራው ወፍራም ቦቴ 12.4 ስለነበር ወዲያው ወደቀ። የተራራ መራመጃው 11.6 ሆነ፤ ይገባል፣ ሲወጣ ግን ይይዛል። ፈረስ ጫኞች የሚያደርጉት ባለ ክር የቆዳ ቦት 10.2 ነበር፤ የመረጥኩት እሱን ነው። እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው ጠባብ ጫማ ገዝቶ ከሚሰቃይ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰፊ እርካብ እንዲገጠምለት ይጠይቅ። ከፊት በቆዳ የተሸፈነ እርካብ ካለ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፣ እግርን ወደፊት አያሳልፍም።

ከስፋቱ ቀጥሎ ተረከዙን አየሁ። ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውና ፊቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ተረከዝ እግር ሲንሸራተት እርካቡ ላይ ደርሶ ያቆማል። እንደ ስፖርት ጫማ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ወጥ የሆነ ሶል ምንም አያቆምም። የሶሉ ጥርስም ጉዳይ አለው። ጥልቅ ጥርስ ድንጋይ ላይ ቢጨብጥም የእርካቡን ጠርዝ ይነክሳል፣ ጭቃ ሲሞላው ደግሞ ይብሳል። ጥርስ አልባ ለስላሳ ሶል በበኩሉ እርጥብ ሣር ላይ ይጥላል። መካከለኛውን፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ያለውን ወሰድኩ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ማቆሚያ ላይ የተጫነ ኮርቻ ላይ ወጥቼ እግሬን እስከ ጣቶቼ ሥር አስገባሁና ሳልጠመዝዘው ወደ ኋላ ለቀቅኩት፤ በራሱ መውደቅ አለበት። አሥር ጊዜ በደረቅ፣ አሥር ጊዜ ሶሉን በጭቃ አርጥቤ ሞከርኩት። ከአሥሩ አንዴ ከያዘ ጫማው አይሆንም። ክሩ የሚጠመጠምባቸው የብረት መንጠቆዎችም የእርካቡን ጠፍር እንዳይዙ ሱሪውን በላያቸው አወረድኩ፣ የተረፈውን ክር ወደ ውስጥ ወሸቅኩ።

የፈረስ ጫማ ብቻ ገዝቶ መሄድም አያዋጣም። ኤልክ ከተገደለ ከ90 ኪሎ የማያንስ ሥጋ ሊወጣው ይችላል፤ አንድ የጭነት ፈረስ የሚሸከመው ደግሞ 70 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፍ ፈረስ ካልተያዘ መቀመጫው ለሥጋው ይሆንና አዳኙ ልጓም ይዞ በእግሩ ይወርዳል። ስለዚህ ጫማው ቁልቁለት ላይ መፈተን አለበት። ማታ፣ እግር ካበጠ በኋላ፣ የጉዞውን ካልሲ አድርጌ ለካሁ። ደረጃ ስወርድ ጣቴ ጫፉን ከነካ ቁጥሩ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ ፊት ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መኖር አለበት። ዳገት ላይ ተረከዜ ብዙ ከተነሳ ደግሞ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። ከጉዞው በፊት በስድስት ሳምንት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተራመድኩበት።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ቲንሱሌት የሚባለው ሙቀት የሚይዝ የውስጥ ሽፋኑ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሆነው በቂ ነው። 800 ግራሙ ሰፊ ስለሚሆን እርካብ ይጠብበታል፣ በእግር ሲወረድም ያልባል፣ ላቡ ማታ ይቀዘቅዛል። ኮርቻ ላይ እግር የሚበርደው በአብዛኛው ሳይንቀሳቀስ ስለሚንጠለጠል ነው። በየሰዓቱ ወርዶ አሥር ደቂቃ መራመድ ከወፍራም ቦት ይበልጣል፣ ፈረሱንም ያሳርፋል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ጫማውን ማጥበቅ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ብርዱን ይጨምራል፤ አንድ የሜሪኖ ሱፍ ካልሲ ለብሶ ሁለት መቀያየሪያ መያዝ ይሻላል።

ለዓመታት ተቀምጦ የነበረ ቦት አዲስ ቢመስልም አትመኑት። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ሶል ሳይለበስም እርጥበት እየበላው ይፈረካከሳል፣ ይህም የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሶሉን በእጃችሁ አጥፋችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ካለ ተውት።

የረጠበ ቦት እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ቆዳው ይኮማተራል፣ ማስቲሹም ይለቃል። የውስጥ መርገጫውን አውጥቼ ጋዜጣ እጠቀጥቅበታለሁ፣ ሲርስ እቀይረዋለሁ። ማታ ደግሞ ክሩን እስከ ታች አላልቼ፣ አፉን ከፍቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ መኝታዬ ከረጢት ውስጥ ከእግሬ ሥር አደርገዋለሁ፤ ውጭ ያደረ እርጥብ ቦት ሌሊት ላይ በውርጭ እንደ እንጨት ይጠነክርና ጎህ ሳይቀድ ለመነሳት ሲፈለግ እግር አያስገባም።